«መውጫ አይደለም» ብዬ የጻፍኩት ለአናጢ ነበር

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ቆሜ ሳለሁ አንድ የማላውቀው ወጣት ፈረንጅ የእጄን ጽሑፍ ደረቱ ላይ ለጥፎ አየሁ። ጥቁር ቲሸርት ለብሷል። ፊደሎቹ ደም እንዲመስሉ ቀይ ተቀብተው ወደ ታች ይንጠባጠባሉ። «ብሎኑ ላልቷል» ይላል። የእኔ እጅ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለገኝም። በወፍራም የአናጢ እርሳስ፣ ተንበርክኬ፣ ቸኩዬ የጻፍኩት ነው።

ጠጋ ብዬ «ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» አልኩት።

ጥያቄው ደስ አለው። «የጥንት ጋኔን ስም ነው» አለኝ። ጭራሽ እኔን ሊያስተምረኝ ስልኩን አወጣ። ባቡሬ መጥቶ ገላገለኝ እንጂ እዚያው ልጮህበት ነበር። ልጁስ ምን አጠፋ? የተሸጠለትን ነው የለበሰው። እኔ የተናደድኩት በሻጮቹ ነው፤ ለሻጮቹም ወሬውን በነጻ ባቀበሏቸው ሰዎች ነው። እንዲህ ተናድጄ ከምታመም የሆነውን ከሥሩ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ታደለ እባላለሁ፤ አናጢ ነኝ። አሜሪካ እንደመጣሁ ክሪስታል ሲቲ አንድ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና አቆም ነበር። ከዚያ ፌርፋክስ ውስጥ የኪችን ካቢኔ የሚገጥም ሰው ቀጠረኝ፤ ሰውየው ደግ ነበር፣ ደመወዙ ግን እንደ እሱ ደግ አልነበረም። የቀረውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አሌክሳንድሪያ በሚገኝ አንድ ወርክሾፕ የሰይጣን ቤት ስሠራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ የመዝናኛ ፓርኮች በየዓመቱ ሃሎዊን ለሚሉት የማስፈራሪያ በዓላቸው ሰው ገብቶ የሚፈራበት ቤት ያሠራሉ። ውስጡ ጨለማና ጠመዝማዛ ነው። ሰዉ ተሰልፎ በአንድ በኩል ይገባል፤ በየጥጉ የተደበቁ ተዋናዮች እየዘለሉ ያስጮሁታል፤ በሌላ በኩል እየሳቀ ይወጣል። እኛ ግድግዳውን አሌክሳንድሪያ ሠርተን በከባድ መኪና አስጭነን ፓርኩ ግቢ ወስደን እንገጥማለን። የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼ እሑድ እሑድ ያሾፉብኝ ነበር። «ጋሽ ታደለ፣ ዘንድሮስ ለሰይጣን ባለ ስንት መኝታ ሠራህለት?» ይሉኛል። እኔም «ኪራዩን በጊዜው ስለሚከፍል ከእናንተ ይሻላል» እላቸዋለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ ክላይድ የሚባል፣ አሌክሳንድሪያ ተወልዶ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ክላይድ ብዙ አይናገርም። ኮምፔንሳቶ ሲቆረጥ በድምፁ ብቻ መጋዙ መደነዙን ያውቃል። መተላለፊያ ሲሠራ ሰው ሳይታወቀው እየጠበበ እንዲሄድ ያደርገዋል። ምንጣፉ ሥር ፎም ያነጥፋል፣ እግር የረገጠውን እንዲጠራጠር። ተዋናዩ የሚወጣው በቀኝ ከሆነ በግራ በኩል ትንሽ መብራት ይሰቅላል፤ ዓይን ወደ ብርሃን ይሄዳላ! ማስፈራራት ለእሱ የእጅ ሥራ ነበር፤ እንደ ማንኛውም የእጅ ሥራ ልክና ወሰን ያለው።

ወሰኑን ያየሁት በመክፈቻው ዋዜማ ነው። ክላይድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግራ መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቤቱን ከመግቢያ እስከ መውጫ ይዞረዋል። የወጣ ሚስማር ካለ መጀመሪያ የሚወጋው እሱን ነው። የአደጋ ጊዜ መውጫዎቹ ጋ ሲደርስ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ በሩን በትከሻው ይገፋዋል። በትከሻ ካልተከፈተ ፈትተን እንደገና እንሠራዋለን፤ ድካም፣ ምሳ ሰዓት፣ የአለቃ ጩኸት የሚባል ነገር አያውቅም።

የመጀመሪያ ጊዜ ሳየው «በእጅህ ብትከፍተውስ?» ብዬው ነበር።

«የፈራ ሰው እጅ የለውም» አለኝ። «በአንዱ ፊቱን ይሸፍናል፣ በአንዱ ልጁን ይይዛል። በሩን በምን ይክፈትልህ?»

ሌላው ደንቡ የግድግዳው ፊት የእንግዳ ነው፣ ጀርባው የእኛ ነው የሚል ነበር። ለሠራተኛ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ከጀርባ ይጻፋል። በፊት ግድግዳዎቹን በቁጥር ነበር የምንለያቸው፤ ቁጥሩ ከልኩ ጋር እየተምታታ ስንቸገር በፊደል እናድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ክፍል ግድግዳዎች ከሀ፣ ሁ፣ ሂ ጀምረው እስከ ሆ ይሄዳሉ፤ ሁለተኛው ክፍል ለ፣ ሉ፣ ሊ ይላል። አብረውኝ የሚገጥሙት ሁለቱም ሰዎች ሐበሾች ስለነበሩ ሥራው ቀጥ አለልን። ክላይድ እንኳ ሳይቀር ተማረው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ሊ የሚመጣው ከሉ በኋላ ነው፣ አይደል?» ይለኝ ነበር። ከፊደሉ ጎን አጭር ማሳሰቢያ እጽፋለሁ፦ «በዚህ ወደ ላይ»፣ «ብሎኑ ላልቷል»። በር መስሎ የተሠራ ግን በር ያልሆነ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ማንም ተሳስቶ የበር ዕቃ እንዳይገጥምበት «መውጫ አይደለም» እላለሁ። ይኸው ነው የእኔ የጋኔን ቋንቋ።

አሁን ወሬውን ወዳቀበሉት መላ መቺዎች ልምጣ። የእነዚህ ቤቶች አድናቂዎች አሉ፤ ዘንድሮ የምን ቤት ይሠራ ይሆን እያሉ ከፋሲካ ጀምሮ ፎረም በሚሉት የኢንተርኔት መወያያ ላይ ሲገምቱ የሚከርሙ። እኛ ገና አንድ ሚስማር ሳንመታ እነሱ ካርታ ስለው ይጨርሳሉ። የፓርኩ ትልቁ ሮለር ኮስተር፣ ያ ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፈው ባቡር፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግቢያችን ወለል ብሎ ይታያል፤ ሌላው ሰው እዚያ ላይ ሲጮህ እነሱ ስልካቸውን ወደ ታች ዘርግተው ጣውላችንን ፎቶ ያነሳሉ። ከአንድ የቀለም ቆርቆሮ ተነስተው ታሪክ ይፈጥራሉ። ክላይድ ይህን ስለሚያውቅ ሆን ብሎ ባዶ የሬሳ ሣጥን ግቢው መሃል ያስቀምጥላቸው ነበር። በሳምንቱ «የቫምፓየር ቤት ነው» ብለው ሲማማሉ አንብበን በሳቅ እንሞታለን።

ሁልጊዜ ግን አያስቅም ነበር። አንድ ዓመት ስንት ወር የለፋንበት መታጠፊያ ነበር፤ ሰው መስታወት ያየ መስሎት ራሱን ሊያይ ሲጠጋ ከመስታወቱ ውስጥ ሰው ይወጣበታል። ከጣውላው ስፋት ተነስተው ቦታውን አወቁት፣ ለዓለም ሁሉም አወሩት። በመክፈቻው ዕለት ሰዉ ስልኩን አስቀድሞ ደግኖ እየሳቀ ገባ። ተዋናዩ ምስኪን ሲዘል አጨበጨቡለት። ክላይድ የዚያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ሐቁን ልናገር፤ ሥራችንን ከአለቆቻችን አብልጠው የሚወዱት እነሱ ነበሩ። በር መቃን ላይ የቀረጽኳትን ትንሽ አበባ አለቆቼ አንድም ቀን አላዩዋትም፤ እነሱ ግን አጉልተው ሲወያዩባት ሰንብተዋል። የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው። እንዲህ አጥርቶ የሚያይ ሰው ስላየው ነገር ለምን አንድ ሰው ጠርቶ አይጠይቅም? መገመት ከመጠየቅ እንዴት ይጣፍጣል?

ክላይድ ጉልበቱ እምቢ ብሎት ሥራ ባቆመ ዓመት ብራያን የሚባል አዲስ አለቃ መጣ። ብራያን መዶሻ ይዞ አያውቅም፤ ስልክ ግን ከእጁ አይለይም። በዚያ ዓመት የምንሠራው አሮጌ ሆቴል ነበር፤ ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ የማይከፈቱ በሮች። ግድግዳዎቹን ፓርኩ ግቢ አውርደን፣ ቀለሙን ፀሐይ እንዳያበላሸው ፊታቸውን ወደ ውስጥ፣ ጀርባቸውን ወደ ውጭ አድርገን አቆምናቸው። እንደ ሁልጊዜው ማለት ነው።

በነጋታው ሜሮን ኮል አደረገችኝ። ሜሮን ልጄ ናት፤ እኔ መኪና አቆምበት በነበረው ክሪስታል ሲቲ ዛሬ አፓርታማ ተከራይታ ትኖራለች። ምስጢር እጠብቃለሁ ብዬ ስለፈረምኩ የምሠራውን ለእሷም አልነግራትም፤ ስለዚህ መላ መቺዎቹን ታነባለች።

«አባዬ፣ ዘይ አር ጎይንግ ክሬዚ!» አለችኝ። «ያንተን ሃንድራይቲንግ ፎረሙ ላይ ፖስት አድርገውታል። ዲመን ላንጉጅ ነው እያሉ ነው።»

«የምን ዲመን? የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ነው እኮ!»

«አይ ኖው፣ አባዬ። አንዱ ደግሞ ዘንድሮ የሚሠራው የተረገመ ገዳም ነው ብሎ ኤቭሪባዲ እሱን እየደገፈ ነው።»

«ንገሪያቸዋ! አንቺ ታነቢው የለ?»

«ከሥራ ያስወጡሃል። ፈርመሃል እኮ፣ አባዬ።»

ልጄ ልክ ነበረች፤ አፋችንን ዘጋን። ብራያን ግን አልዘጋም። በሳምንቱ ሰብስቦን ሆቴሉ ቀርቷል፣ የተረገመ ገዳም እንሠራለን አለ። በእሱ ሒሳብ ሕዝቡ የገመተውን ሲያገኝ ይደሰታል፣ ሲደሰት ትኬት ይገዛል። ወደ እኔ ዞሮም «አንተ እነዚያን የሰይጣን ጽሑፎች በትልልቁ ትጽፍልኛለህ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «የሰይጣን አይደለም» አልኩት። «ቅዱስ መጽሐፍ የምናነብበት ፊደል ነው። የልጄን ስም የምጽፍበት ነው።»

«ይሁን። ግን ያስፈራል።»

«የሚነበብ ነገር ነው እኮ!»

«ማን ያነበዋል?» አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ።

ማን ያነበዋል! ብራያን ምሳውን የሚገዛበት ምግብ ቤት በሩ ላይ ስሙን በዚሁ ፊደል ጽፏል። ጥብሱን በልቶ፣ ጣቱን ልሶ ይወጣል፤ ቀና ብሎ ግን አይቶ አያውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ውስጥ ይህን ፊደል የሚያነብ ሕፃን ሞልቷል። እኔ አልጽፍም አልኩ። እሱም አልተከራከረኝም። የግድግዳዎቹን ጀርባ ፎቶ አንስቶ የእኔኑ ማሳሰቢያዎች አጉልቶ ሰሌዳ ላይ አሳተማቸው። የገዳሙ መሠዊያ ላይ «በዚህ ወደ ላይ»፣ የሬሳ ማኖሪያው ላይ «ብሎኑ ላልቷል» ተሰቀለ። «መውጫ አይደለም» የምትለዋን ደግሞ ረጅምና ቆንጆ ናት ብሎ ከሁሉም አብልጦ ወደዳት። የት ሰቀላት? እውነተኛው የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ላይ።

ይህን ሳይ ሌላውን ሁሉ ትቼ ለመንኩት። «ሌላ ቦታ ስቀላት። ትርጉሟን ነግሬሃለሁ፤ እዚህ በር ላይ አይሆንም።»

«ከሥሩ አረንጓዴ የኤግዚት መብራት አለ አይደል?» አለኝ። «ሕጉ የሚጠይቀው እሱን ነው። ያንተን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው እንግሊዝኛም ያነባል።»

በመክፈቻው ቀን የሚሰበር ነገር ካለ እንድጠግን ከቤቱ ጀርባ ተመድቤ ነበር። ውጭ ገና ፀሐይ ነው። ሰልፉ መግባት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ጩኸት ሰማሁ። እዚያ ቤት ጩኸት ብርቅ አይደለም፤ ይህኛው ግን «ኧረ በእመብርሃን!» የሚል ነበር።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አንዲት ሴት ከመውጫው በር ትንሽ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ግራ እጇን በቀኟ ደግፋዋለች። ዙሪያዋን የቆሙት ሰዎች ስልካቸውን ደግነው ይቀርጿታል። አቅፌ አነሳኋት፣ በሩን በትከሻዬ ገፋሁትና ወደ ብርሃኑ ወጣን።

ወይዘሮ እታገኝ ትባላለች። የዊተን ነዋሪ ናት፤ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች በመንከባከብ ነው የምትተዳደረው። ሁለት ልጆቿ ካልሄድን ብለው ጎትተው አመጧት። ውስጥ ሲገቡ እነሱ እየሮጡ ቀደሟት፣ ጭሱ አፈናት፣ ልቧ ድው ድው አለባት። መውጫ ፈለገች፤ በሩንም አገኘችው።

«ታዲያ ለምን አልወጣሽም፣ እህቴ?» አልኳት።

«ኧረ አባቴ፣ መውጫ አይደለም ይላል እኮ!» አለችኝ እያለቀሰች።

«የኤግዚቱን መብራት አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። ግን እዚያ ቤት ያለው ሁሉ ውሸት አይደል እንዴ? በሩ ውሸት፣ ሰዉ ውሸት፣ ደሙ ውሸት። እሱም ውሸት ነው አልኩ። አማርኛውን ግን የኛ ሰው ነው የጻፈው፣ ለእኔ ብሎ ነው የጻፈው ብዬ አመንኩት። ተመልሼ ስሮጥ ከሚመጣው ሰው ጋር ተላትሜ ወደቅኩ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ጽሑፉ የእኔ ነው» አልኳት። «እዚያ የሰቀልኩት ግን እኔ አይደለሁም።» ቀና ብላ አየችኝ። የእጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር።

በሥራ ዘመኔ የደረሰብኝ ትልቁ ሽንፈት ይህ ነው። ከክላይድ ጋር በሠራናቸው ቤቶች ብዙ ሰው ጮኋል፣ ያለቀሰም አለ፤ በሩ ፊት ቆሞ መውጫ ያጣ ሰው ግን አልነበረም። ብራያን «ማን ያነበዋል?» ሲለኝ መልሱ እሷ ነበረች።

ፈቃድ አልጠየቅኩም። እሷን ለሕክምና ሰዎች አስረክቤ ካቻቪቴዬን ይዤ ተመለስኩ፣ ሰልፉን አስቆምኩ፣ ሰሌዳውን ፈታሁት። ብሎኖቹን ኪሴ ከተትኩ። ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አቆምኩት። ብራያን እየሮጠ ደርሶ «ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ።

«ሁለት እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተትና በዚህ በር ውጣ» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ፤ አልወጣም። እኔ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት የጡረታዬን ጉዳይ ጨረስኩ።

በመክፈቻው ማግስት ለክላይድ ልነግረው ሄድኩ። እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «በሩ በትከሻ ተከፈተልህ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ተከፈተ አልኩት። ክላይድ ሲሳደብ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የተሳደበውን እዚህ አልጽፈውም።

አበቃ ስል አላበቃም። ወይዘሮ እታገኝ ስትጮህ የተቀረጸው ቪዲዮ ፎረሙ ላይ ወጣ። «የዘንድሮ ምርጥ ተዋናይት» ብለዋታል። የጮኸችበት ቋንቋ የጋኔኑ ቋንቋ ነው ብለው ያብራሩም አሉ። የተሰበረ እጇን ይዛ እመብርሃንን ስትጠራ! የበር መቃን አበባ የሚያዩ ሰዎች የሰው እጅ መሰበሩን አላዩም። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «ይህች ሴት ተጎድታ ይሆን?» ብሎ አልጠየቀም። ከእኛም ወገን መላ መቺ አልጠፋም፤ ከቅዳሴ በኋላ «ፊደላችንን ለሰይጣን የሸጠው ማን ይሆን?» ሲባባሉ ሰምቼ «የሴትየዋን እጅስ ጠይቃችኋል?» ብዬ ጥያቸው ሄድኩ።

እኔና ሜሮን ልንጠይቃት ዊተን ሄደን ነበር። በአንድ እጇ ሻይ ካልቀዳሁ ብላ አስቸገረችን። ልጆቿ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ ትልቋ «ዊ ሌፍት ኸር፣ ጥለናት ሄድን» ብላ አለቀሰች። ወይዘሮ እታገኝ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እኔ ነበርኩ የምንጨረጨረው።

«ያ ጽሑፍ አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንስቼዋለሁ። ግን መልሰው ይስቀሉት አይስቀሉት እኔ አላውቅም።»

«እንግዲያው ለሰው ይንገሩልኝ፣ አባቴ። ያ በር፣ በር መሆኑን ሰው ይወቅ። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቲሸርቱን ባየሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሜሮን ቤቴ መጣች። ያየሁትን ነገርኳት። «ስቲል እያወሩ ነው» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። አሁን የሚከራከሩት ሰሌዳው ስለተነሳበት ባዶ ቦታ ነው። አንዱ ለሚቀጥለው ዓመት ሆን ተብሎ የተተወ ፍንጭ ነው ይላል። ሌላው የብሎኖቹን ቀዳዳዎች በመስመር አገናኝቶ የኮከብ ካርታ አውጥቶላቸዋል። ብሎኖቹ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አሁን እኮ ጡረታ ወጥተሃል፣ ማን ምን ያደርግሃል?» አለችኝ። «ልጻፍላቸው፣ አባዬ? ምን ልበላቸው?»

ልላቸው የፈለግኩት ብዙ ነበር። ስለ ፊደሉ፣ ስለ ክላይድ፣ ስላፌዙባት ሴት። ስድብም አዘጋጅቼ ነበር። ግን የቱንም ብነግራቸው በእሱ ላይ ደግሞ መላ ይመታሉ፤ ወይዘሮ እታገኝ የለመነችኝ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሜሮን ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«በር ነው በያቸው» አልኳት። «በትከሻ ሲገፉት ይከፈታል።»